ማለዳ ማለዳ ወደ ድንበር

ጥቅምት 9 ቀን 1974፣ መተማ ዮሐንስ

ሙቀቱ ዛሬም አልበረደም። በመንግሥት መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ስንረከብ ዋልን። ገበሬው ጆንያውን ያወርዳል፣ እኔ እጄን እከትና ንጹሕ ነው አይደለም እላለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ተቀምጦ መፍረድ።

ምሳ እንደ ወትሮው በወይዘሮ ለተሥላሴ ምግብ ቤት፣ ከቀበሌያችን ሊቀመንበር ከጓድ ገሰሰና ከጓደኞቹ ጋር። ፍየል ታርዶ ነበር። በልተን በልተን ሻይ መጣ። የሱዳን ሻይ፣ የብርጭቆው ግማሽ ስኳር። ጠጥቼ ሳበቃ እንደገና ጠማኝ። ይህ ጥማት ሰሞኑን ምንድን ነው?

አመሻሽ ላይ ባለቤቴ ትርንጎ ከጓሮ ጠራችኝ። "ና እስቲ ይኸን እይ።" ሽንት የምሸናበትን አጥር ሥር ጉንዳን ወሮታል። ጥቁር ሆኖ ይርመሰመሳል። ቆሜ አየሁት። ከገዛ ገላዬ የወጣ ነገር ለጉንዳን ድግስ ሆኖ... ቀፈፈኝ። ራት ግን በላሁ። እንዴት እንደበላሁ እንጃ።

ጥቅምት 12

ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ጤና ረዳቱ አገኘሁ ይባላል፣ ገና ወጣት ነው። ሽንቴን ሰማያዊ ፈሳሽ ላይ ጠብ ጠብ አድርጎ በእሳት አሞቀው። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ በመጨረሻ እንደ ሸክላ ቀላ። ክፍሉ ሸተተ። አፍንጫዬን ልይዝ አልሁና አፈርሁ። የራሴው ነው።

"ስኳር ነው ጋሽ ፈረደ።"

"መድኃኒቱስ?"

"ኪኒኑ እዚህ የለም። ከጎንደር እስኪመጣ መድኃኒትዎ አፍዎና እግርዎ ናቸው።"

ሁሉንም ባንድ ቀን ልተው እንዳልል አስጠነቀቀኝ። ባንድ ቀን የተተወ ባንድ ቀን ይመለሳል አለ። ጥቂት ጥቂት። መጀመሪያ የሻዩ ስኳር። እሱ ሲለመድ ገበታውን መቀነስ። ከዚያ ፀሐይ ሳትበረታ በእግር መሄድ።

ባላደርገውስ? አልሁት። እግሬን አየ። "ቁስል እምቢ ይላል። ከጣት ይጀምራል።"

ቤት ገብቼ ሸሚዜን አውልቄ መስታወት ፊት ቆምሁ። ሆዴ ቀበቶዬ ላይ ተደፍቷል። ጡት አውጥቻለሁ። ይህን ሁሉ መቼ ተሸከምሁት? ሰው ከደጋ ድረስ በእግሩ እየመጣ በቀን ሥራ ሰሊጥ ያጭዳል፣ አጥንቱ ይቆጠራል። እኔ እዚህ... መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዞርሁት።

ጥቅምት 13

ሻይ ያለ ስኳር። የገለባ እጣቢ። ግማሹን ደፋሁት።

ጥቅምት 17

ዛሬ ጨርሼ ጠጣሁ። አስጠላኝ፤ ግን ጨረስሁት።

የከበደው ገበታው ነው። ትርንጎ በትንሽ ሳህን አቀረበችልኝ። "ይኸ የማን ልጅ ምሳ ነው?" አልኋት። "ያንተ" አለች፣ ሳትስቅ። እሱን ጨርሼ እጄ ወደ እሷ ሳህን ሄደ። ሳላስበው። እጄን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየሁት። እሷ ሳህኗን ወደኔ ገፋ አደረገች። በላሁባት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥቅምት 21

ዛሬ መንገድ ጀመርሁ። በየት በኩል ይኬዳል? ወደ ሸኸዲ ከተማ በሚወስደው በኩል የመኪናው አቧራና ውሻው አያስኬድም። ወደ ድንበር የሚወስደው ግን ሜዳ ነው፤ የኒም ዛፍም አለበት። ድንበሩ የሆነው ደረቅ ፈፋ እስኪታየኝ ሄጄ ተመለስሁ። ከፈፋው ማዶ የሱዳኑ ከተማ ገላባት ገና አልነቃም።

ጭኔ እርስ በርሱ ተፋግጎ ተላጠ። ሱሪዬ ላይ ላብና ደም። ትርንጎ ቫዝሊን እየቀባችኝ "እንደ በግ ላት ይንቀጠቀጣል" አለች። ለክፋት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ግን የራሴ ሽታ ሲሸተኝ ዋለ።

ኅዳር 3

መንገዱን አልተውሁም። ቀበቶዬ ገባ ብሏል። ጥማቱም ቀንሷል።

ከፈፋው ማዶ ሻይ የሚያፈላ ሱዳናዊ አለ፣ ጀላቢያ የለበሰ። ስመለስ ሁልጊዜ እጁን ያነሣልኛል። ዛሬ እኔም አነሣሁለት። በቋንቋ አንግባባም። ግን ማለዳ የሚያይህ ሰው ሲኖር...

ምሳ እዚያው ለተሥላሴ ቤት። ጥቂት ቆረስሁና እጄን ሰበሰብሁ። ገሰሰን ያየሁት ያኔ ነው። ስንት ዓመት አብሬው በልቻለሁ፤ ሲበላ ግን አይቼው አላውቅም። ለካ እኔም አጎንብሼ ነበር። ጮማው ከንፈሩ ላይ ረግቷል። እያላመጠ ያወራል። የጠባውን አጥንት ወደ ትሪው ይመልሳል፣ ሰው ያነሣውና ደግሞ ይጠባዋል። ፍየሏ ከየት እንደመጣችም ዛሬ ሰማሁ። ቸሩ ከሚባል ገበሬ፣ ስብሰባ ቀርቶ በቅጣት የተወሰደች ናት። ያለፉትስ? የስንቱን ቤት ፍየል በላሁ?

"ምነው ጓድ ፈረደ፣ ከእኛ ጋር መብላት ተጠየፍህ?" አለኝ ገሰሰ።

"አሞኝ ነው። ስኳር ነው አሉኝ።"

"ስኳር የባላባት በሽታ ነው" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከጮማው ይልቅ ሳቄ አቅለሸለሸኝ።

ኅዳር 13

ትናንት ሚካኤል ነበር። ጎረቤት ጠራን። ጥሬ ሥጋ፣ አረቄ፣ እንደገና ጥሬ ሥጋ። ማንም አላስገደደኝም። አጥር ሥር ተደፍቼ አስመለስሁ፤ ትርንጎ ግንባሬን ይዛልኝ። አፌን ጠርጌ ተመልሼ ገብቼ ደግሞ በላሁ። ደግሞ በላሁ...

ዛሬ መንገድ አልወጣሁም።

ኅዳር 14

ወጣሁ። በሻይ ብቻ ጀመርሁ፣ ያለ ስኳር። ከመጀመሪያው።

ኅዳር 22

ነገ ማለዳ ቀበሌ ድረስ ተብያለሁ። ለምን እንደሆነ መልእክተኛው አላወቀም፤ ወይም አልተናገረም። ትርንጎ ጋቢዬን አጣጥፋ በር አጠገብ አስቀምጣለች። አልጠየቅኋትም።

ታኅሣሥ 1

ተፈታሁ። ሳልረሳው ልጻፈው።

ገሰሰ ከጠረጴዛው ኋላ ነበር። አጠገቡ የማላውቀው መነጽር ያደረገ ሰው ተቀምጧል፤ የምንለውን ሁሉ ይጽፋል።

"ከስተሃል" አለኝ ገሰሰ።

"ነገርሁዎ እኮ ጓድ ሊቀመንበር፣ ስኳር ስላለብኝ..."

"ሰው የሚከሳው ሲያስብ ነው። ምን እያሰብህ ነው?"

ቀበቶዬን ከፍ አደረግሁ።

"ማለዳ ማለዳ ወደ ድንበር ምን ትሠራለህ?"

"እሄዳለሁ።"

"ወዴት?"

"ወዴትም። ሄጄ እመለሳለሁ።"

"ወዴትም የማይሄድ ሰው ለምን ይሄዳል?"

ሻይ የሚያፈላውንም ሱዳናዊ ያውቁታል። እጅ የተነሣሣነው የምን ምልክት ነው አሉኝ። ሰላምታ ነው አልሁ። አገኘሁን አስጠሩት። ሲገባ ዓይኔን አላየኝም። "ምግብ ይቀንሱ፣ በእግርዎ ይሂዱ ብያለሁ። ወደ ድንበር ይሂዱ አላልሁም" አለ። ውሸት የለበትም። ውሸት ስለሌለበት ነው የዘገነነኝ።

እስር ቤቱ የቀበሌው አሮጌ እህል ማስቀመጫ ነው። ጥግ ላይ የሽንት ባልዲ፣ ዝንቡ ከሱ ተነሥቶ ፊታችን ላይ ያርፋል። ማለዳ ማለዳ ከግድግዳ ግድግዳ እመላለስ ነበር። የሚስቅ ሳቀ። ያ ቸሩ፣ ባለፍየሉ፣ እዚያው ነበር። ደግሞ ስብሰባ ቀርቶ። ትርንጎ የላከችውን ቂጣ አካፈልሁት።

"አውቅዎታለሁ" አለኝ እያላመጠ። "በለተሥላሴ ደጅ ሳልፍ ሲበሉ አያለሁ።"

ቁጣ የለበትም አነጋገሩ። ሲበሉ አያለሁ፣ በቃ። ፍየልህን እኔም በልቻለሁ አልሁት። "እንግዲህ ምን ይደረግ" ብሎ ውሃ አቀበለኝ።

የተፈታሁት በቅድመ ሁኔታ ነው። ወደ ድንበር ድርሽ እንዳልል። መንገድ ከወጣሁ በሸኸዲ በኩል፣ አብዮት ጠባቂ ተከትሎኝ። ምሳ ደግሞ በየቀኑ ከጓዶች ጋር፣ "ራሱን ከሰፊው ሕዝብ እንዳያገል"። ሰፊው ሕዝብ እስር ቤት ቂጣ ሲካፈል ትቼው መጣሁ።

ታኅሣሥ 6

ምሳ። ገሰሰ በገዛ እጁ አጎረሰኝ፤ ጮማ። "ጾም ነው እንዳትለኝ" አለ። ጾሙንም ያውቃል፣ በሽታዬንም ያውቃል። ጣቱ ጥርሴን ነካ። ዋጥሁ። ሁለተኛ አመጣ። ያንንም ዋጥሁ። ሦስተኛ። ሁሉም እኔን እኔን ያያሉ።

ቤት ደርሼ አስመለስሁ። በጨው ተጉመጠመጥሁ። የጣቱ ጣዕም አልለቅ አለኝ።

ታኅሣሥ 10

የሚከተለኝ አብዮት ጠባቂ ይርዳው ነው። ሽማግሌ፣ ጠመንጃው እሱን የሚያክል። እስከ ትናንት ከኋላዬ ነበር። ዛሬ ጎኔ መጣ።

"ከኋላ አቧራዎን ጠጣሁት" አለኝ።

"አስቸገርሁዎ አያ ይርዳው።"

"ኧረ እኔስ ጉልበቴ ተፈታ። ኬላ ላይ ተቀምጬ ደርቆ ነበር።"

ሳቅን። ስመለስ ጫማዬን ሳወልቅ የግራ እግሬ ጣት ላይ ቁስል አየሁ። ትንሽ ናት፣ ጫማው ፍቆኝ ይሆናል። ይሆናል...

ታኅሣሥ 13

አልደረቀችም። ትርንጎ ስታጥባት ፊቷን ዘወር አደረገች። ጠረን አላት። ገሰሰ በየቀኑ ምሳ ላይ ያጎርሰኛል፣ በየቀኑ አስመልሳለሁ። ከየት ይድናል?

ትርንጎ "አትሂድ፣ ታመመ እላቸዋለሁ" አለች። ደግሞ ያስሩኛል አልኋት። "ታስረህ ይሻላል። እዚያ ምግብህን እኔ ነኝ የምልክልህ" አለች።

ታኅሣሥ 14

ሄድሁ። ተቀመጥሁ። ገሰሰ ጠቅልሎ እጁን ዘረጋ። ቅባቱ በጣቶቹ መሐል ይወርዳል።

"በቃኝ" አልሁ።

"ምን?"

"በቃኝ ጓድ ሊቀመንበር።"

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ለተሥላሴ ከጓዳ ብቅ ብላ ተመለሰች።

"የኔን እጅ ነው የምትመልስ?"

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ፤ ጨርቁን ፈታሁ፤ እግሬን ከገበታው አጠገብ ወንበር ላይ አወጣሁ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። "የሚያጎርሱት ይኸን ነው" አልሁት።

ጠረኑ ደረሳቸው። አንዱ አፉን በክንዱ ያዘ። አንዱ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ገሰሰ የጠቀለለውን ትሪው ላይ መልሶ ጣለው፣ እጁንም በሱሪው ጠረገ። ያ ሰው ሲቀፈው አይቼ አላውቅም ነበር።

ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። አሁን ይመጣሉ እያልሁ ነው የምጽፈው። ትርንጎ ጋቢዬን እንደገና በር አጠገብ አስቀምጣለች። የራሷንም አጥፋ ደርባለች።

ታኅሣሥ 21

አልመጡም። ዛሬ ደብዳቤ መጣ። ሽንፋ ወዳለው ትንሹ መጋዘን ተዛውሬያለሁ፣ ከደረጃ ዝቅ ብዬ። እዚያ ያለው ወባ ነው፣ ሰው አይበረክትም ይላሉ። የገሰሰ ሥራ ነው፣ ዓይኑ እንዳያየኝ።

ምሳ ቤቴ ነው የምበላው። ማንም አልጠራኝም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ጤና ረዳቱ አገኘሁ መጣ። ኪኒኑ ከጎንደር ደርሶለት ይዞ። በር ላይ ቆመ። ግባ አልሁት። ተንበርክኮ ቁስሉን አጠበ፣ ዱቄት ነሰነሰበት፣ አሰረው። ስለዚያ ቀን አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም። ሲሠራ እጁ አይጠየፍም። ገሰሰ ፊት የቆመው ልጅና ይህ አንድ ሰው ናቸው? እንጃ። አመሰገንሁት።

ጥር 3

ከይርዳው ጋር የመጨረሻው መንገድ። ኬላው አጠገብ ስንደርስ ቆመ።

"እርስዎ ሲሄዱ እኔ በማን ሰበብ ልወጣ ነው?"

"ራስዎን እየጠበቁ ይውጡ" አልሁት።

አሰበበት። "ማን ይከለክለኛል" አለ። ተሳስመን ተለያየን።

ጥር 14፣ ሽንፋ

ቤታችን የሣር ጎጆ ነው። ትንኙ ምሕረት የለውም። ቁስሌ ግጥም ብሏል፤ ጠባሳው ብቻ ቀርቷል። ሻይ ያለ ስኳር ነው፤ ትርንጎም እንዲሁ ትጠጣለች፣ የለመደችው እንዳይመስልህ፣ ፊቷን እያጨማደደች። ገበታችን አንድ ነው። ሲበቃኝ አነሣለሁ።

መንገድም አብረን ነው። መተማ ሳለን ሰው ምን ይለኛል ትል ነበር። እዚህ የሚያውቃት የለም፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትቀድመኛለች።

ዛሬ ማለዳ ከመንደሩ እንደወጣን አንድ ሰው አስቆመን። ጠመንጃ ይዟል። የዚህ ቀበሌ ሊቀመንበር መሆኑን ኋላ ነው ያወቅሁ።

"ወዴት ነው በማለዳው?"

የእስር ቤቱ ባልዲ አፍንጫዬ ላይ መጣ። ትርንጎ ቀደመችኝ።

"ወዴትም። ሄደን እንመለሳለን።"

ሰውዬው አየን፤ እሷን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ እግራችንን።

"እንግዲያ በወንዙ በኩል ሂዱ" አለ። "በዚህ እሾህ አለ።"

በወንዙ በኩል ሄድን።