ላሚኔት የተደረገው ውሳኔ

ሰኞ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዳማ

ውድ አባዬ፣

እንዴት እንደምጀምር አላወቅሁም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ። ስለዚህ ከከባዱ ልጀምር፦ ባለፈው ችሎት ወረቀቱ ቤት አልተረሳም። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

አንተ የተረሳ ነው የመሰለህ። እማዬም ለጎረቤት የምታወራው እንደዚያ ነው። ዳኛዋ «ቀድሞ ለመፈረዱ ማስረጃው የታለ?» ሲሉህ «ቤተሰቦቼ ይዘውታል» አልክና ዞረህ አየኸኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። «የያዘ ሰው አለ?» ብለው ደግመው ጠየቁ። ቦርሳዬን በሁለት እጄ ጨምቄ ዝም አልኩ። «አንድ የመጨረሻ ቀጠሮ እንሰጣለን፤ ካልቀረበ ክሱ ይቀጥላል» አሉ። ፖሊሱ ይዞህ ሲወጣ በአጠገቤ አልፈህ «አይዞሽ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አልከኝ። አይዞህ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገርህ። የአዳማው ፍርድ ቤት የፈረደብህን አምስት ወር ጨርሰህ ስትወጣ፣ እማዬ የውሳኔውን ወረቀት ፖስታ ቤት አጠገብ ወስዳ ላሚኔት አስደረገችው። «ጨርሷል የሚል ወረቀት ነው፤ እንዳይቀደድ» አለች። እኛ ቤት ያልታሸገ ወረቀት የት አለ? የቤቱ ካርታ፣ የክትባት ካርዴ፣ የስምንተኛ ክፍል ውጤቴ ሳይቀር ላሚኔት ነው። ከውጤቴ አጠገብ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሳይ ነበር።

ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆየም። አንተ አይሱዙው ሥር ገብተህ ዘይት ስትቀይር ሁለት ፖሊሶች መጡ። ክሱ ያው አሥር ጀሪካን ቤንዚን ነው፤ ከባቱ በጫንከው ሽንኩርት ሥር ተደብቆ ሲመጣ የተያዘው። ቀኑም ያው፣ መኪናውም ያው። «ይህን እኮ ታስሬ ጨርሻለሁ» ስትላቸው አንደኛው «የጨረስከው የክልሉን ነው፤ ይሄ የፌዴራል ነው» አለህ። አባዬ፣ እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልጅ ነኝ፤ ሕግ አላውቅም። ግን አምስቱ ጀሪካን የክልል፣ አምስቱ የፌዴራል ነበር እንዴ? አምስት ወር ሙሉ ምሳ ያመላለስኩት ለግማሽ አንተ ነው?

በችሎቱ ቀን ጠዋት ወረቀቱን የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ውስጥ ላለችው ሠራተኛ አሳየኋት። አገላብጣ በጥፍሯ ቧጠጠችው። «ፕላስቲክ ላይ ማኅተም በምን ልምታ? ደግሞ በኦሮምኛ ነው፤ እዚህ ተተርጉሞ ነው የሚመጣው። ምነው፣ ፍሬም አላስገባችሁትም?» አለች። ከኋላዬ የተሰለፉት ሁሉ ሳቁ። ዳኛዋ ሲጠይቁ ጆሮዬ ውስጥ የነበረው ያ ሳቅ ነው።

በሁሉም ተናድጃለሁ። በሴትዮዋ፣ በእማዬ ፕላስቲክ፣ ከሁሉም በላይ በራሴ። በአንተም። ሽንኩርት ብቻ ጭነህ ብትመጣ ምን ነበረበት? «የሰው ዕቃ ነው» ከማለት ሌላ እስከ ዛሬ የማን እንደሆነ እንኳ አልተናገርክም። ጥፋት ነው፤ አንተም አልካድክም፤ ታሰርክበት። የመጀመሪያውን እሺ ብያለሁ። ሁለተኛውን ግን እሺ አልልም።

ከችሎቱ ማግስት የአዳማው ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት አቶ ወልደአማኑኤል ጋ ሄድኩ። መናገር ስላቃተኝ ላሚኔቱን አውጥቼ ሰጠኋቸው።

«ውይ! ውሳኔ ነው ወይስ የሠርግ ፎቶ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ። «አንድ በሬ ሁለቴ አይታረድም፣ የኔ ልጅ። ግን መታረዱን የሚያሳይ ወረቀት ካላዩ በሬው የቆመ ነው የሚመስላቸው። አዲስ ግልባጭ አውጪ።»

«እርስዎ ይጠይቁልኝ» አልኳቸው፤ እንደምንም።

«እኔ እጽፋለሁ እንጂ መስኮቱ ጋ አልቆምም። እግዜር አፍ የሰጠሽ ለጉርሻ ብቻ ነው?»

መዝገብ ቤቱ መስኮት ጋ አራት ቀን ተመላለስኩ። አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። አንድ ቀን መብራት የለም። አንድ ቀን መዝገቡ ከታች ነው። አንድ ቀን ደግሞ ምክንያትም አልሰጡኝም። በአምስተኛው ቀን መስኮቱ ጋ የሚሠራው ልጅ ቀና ሳይል «ነገ ነይ» ሲለኝ፣ «ነገ ነገ ስትሉ አባቴ ሁለተኛ ሊፈረድበት ነው!» ብዬ በኦሮምኛ ጮህኩ። ከሁሉም በላይ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ልጁ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። ከሰዓት በኋላ ማኅተም ያለበት ግልባጭ በእጄ ነበር። ትርጉሙም አልቆ ማኅተም ተመትቶበታል። እማዬ «ላብ ይነካዋል፣ ለምን አናሳሽገውም» ብላ እጇን ስትዘረጋ ደብተሬ ውስጥ ደበቅሁት።

ትዝ ይልሃል፣ አንደኛ ክፍል ስትወስደኝ? መምህሯ ስሜን ጠየቀችኝና ከኋላህ ተደበቅሁ። «ኤቢሴ ትባላለች፤ ትንሽ ታፍራለች» አልክልኝ። ከዚያ በኋላ ሱቅም፣ ሐኪም ቤትም፣ ባጃጅም ላይ አንተ ነህ ስትናገርልኝ የኖርከው። አመስግኜህ አላውቅም። እሱንም ለማለት አፍር ነበር።

ይህ ደብዳቤ ቅዳሜ ከምግቡ ጋር ይደርስሃል። ስታነበው በነገው ችሎት ተናግሬ ወይም ዝም ብዬ እንደሆነ አስቀድመህ ታውቃለህ። እኔ ግን ዛሬ አላውቅም። ነገ ጠዋት የዱከም ፋብሪካ ሠራተኞች በሚሳፈሩበት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ፌዴራሉ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። ችሎቱ ውስጥ በር አጠገብ አልቀመጥም፤ ከፊት ነው የምቀመጠው። ዳኛዋ «የያዘ ሰው አለ?» ሲሉ ጫማዬን ሳላይ እነሳለሁ። እንዲህ እላለሁ፦

«ኤቢሴ ፈይሳ እባላለሁ። ወረቀቱ እኔ ጋ ነው።»