ለጉዝጓዝ የታጨደ ጎጆ

ለተከበሩ የጨፌ ሀብት ማስተዋወቂያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ወረታ

ክቡርነትዎ፣ እግዚአብሔር በጤና ጠብቆ፣ ጫማዎን ጭቃ ሳይነካው ዕድሜዎን እንዲያረዝምልዎ እለምናለሁ። ማረው ገብረ ኪዳን እባላለሁ፤ ከወረታ በታች ጨፌው ዳር የምኖር ገበሬ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ የምስጋና ወረቀት ሲሰጡኝ እጄን ጨብጠውኛልና ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል። እኔም በተራዬ ላመሰግንዎ ነው የጻፍኩት።

አንደኛ፣ ጨፌያችሁ አገገመ ብለው ድግስ ስለደገሱልን። ለሩዝ እየታረሰ፣ ከብት እየጋጠው የደረቀውን ረግረግ መልሰን ውኃ ያስያዝነው፣ ሞፈር በማንይዝበት በበዓል ቀን እየተሰበሰብን ነው። በዓል መሻር እንዳይሆንብኝ ፈርቼ የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው፣ ለፍጥረቱ ቤቱን መመለስ ኃጢአት የለበትም አሉኝ። ነጋዴው ሳልህ እንኳ ሱቁን እየዘጋ ከእኛ ጋር ጭቃ ይገባ ነበር። እርስዎን በዚያ አላየንዎትም፤ በሥራ ብዛት መሆኑን ስለምናውቅ አልተቀየምንም።

ሁለተኛ፣ ድንኳኑ ቄጠማ ይጎዝጎዝበት ብለው ማዘዝዎ የአገር ወግ አዋቂ መሆንዎን አስረድቶናል። የላኳቸው ሰዎችም ሩቅ ሳይደክሙ፣ ያጠርነውን አጥር ገንጥለው ለምለም ለምለሙን መርጠው አጭደዋል። የመረጡት ሟች ባለቤቴ እማዋይሽ ታምማ ሳለች የተከለችውን ነው። በመካከሉ ራሷ ላይ አክሊል ያላት ያቺ ረጅም ወፍ፣ ስንት ዘመን ጠፍታ ዘንድሮ የተመለሰችው፣ እንቁላል ታቅፋ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለዚችው ወፍ መመለስ ስላደረጉት ውብ ንግግር። እኔም ከልቤ አጨበጨብኩ። ገና እያጨበጨብኩ ሳልህ ጎንበስ ብሎ ከእግራችን ሥር ጥቂት ቄጠማ አነሣና፣ «አያ ማረው፣ ይኼ የእማዋይሽ ቄጠማ አይደለም ወይ?» አለኝ። የእንቁላል ቅርፊት ተጣብቆበት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በጸሎቴ የበደሉኝን ይቅር ከምልበት ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። የተቆጣሁት በእርስዎ ይሁን፣ እግሬን በዚያ ላይ ዘርግቼ ባጨበጨብኩት በራሴ፣ እንጃ።

አራተኛ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስነግርዎ «ሣር እኮ ነው፣ ይበቅላል» ብለው ስላጽናኑኝ። እውነት ነው፣ ይበቅላል። ወፏ ግን ዛሬ ጠዋትም የታጨደው ቦታ ላይ ቆማ ነበር፤ ማጽናኛዎን የሚያደርስላት ሰው አጥቻለሁ።

አሁን ማናዬና ሌሎቹ ጎረቤቶቼ ከእንግዲህ ለሹም ጉዝጓዝ አንተክልም ብለው ተቀምጠዋል፤ የቀረነው እኔና ሳልህ ነን። ሁለት ሰው ደግሞ ጨፌ አያቆምም። ስለዚህ ለመጪው ሚካኤል ሱሪዎን ሰብስበው፣ በባዶ እግርዎ መጥተው ቄጠማ ቢተክሉልን፣ እነርሱም አይተውዎት ይመለሱ ይሆናል። ድንኳንም ድምፅ ማጉያም አያስፈልግም።

እርስዎ በጨበጡት እጁ ይህን የጻፈልዎ፣
ጉዝጓዝዎን ረግጦ ያጨበጨበልዎ፣
የምስጋና ወረቀትዎን ተቀብሎ ማስቀመጫ ያጣለት፣
ማረው ገብረ ኪዳን

ማሳሰቢያ፦ ድንኳኑ ሲፈርስ ወፏ የተሳለችበትን ሸራ ረስተውት ሄደዋል። ዝናብ እንዳያበላሸው ቤቴ አስገብቼዋለሁ። ሚካኤል ዕለት የማይመጡ ከሆነ ሰው ልከው ያስወስዱት፤ ለሚቀጥለው ንግግርዎ የምትቀርልዎ ወፍ እሷ ብቻ ናት።