የአራት ቡና ችግኞች ጉዳይ አጣሪ ኮሚቴ

ሰኞ፣ የካቲት 3፤ ጠዋት 12፡30

አራተኛውን ፕላስቲክ ቆረጥኩ። ጣቴንም አብሬ። ክቡር ደብተር፣ ጥግህ ላይ ያለው ቀይ ነጥብ ደም ነው፤ ለታሪክ ይቀመጥ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ወገቡ ላይ ይቆረጣል። አናቱ ተገልብጦ ታችኛው ግማሽ ላይ ይቀመጣል። በአንገቱ የአሮጌ ጋቢ ቅዳጅ እንደ ኩራዝ ክር ይወርዳል። ከላይ አፈር፣ ከታች ውሃ። ክሩ እየሳበ ያጠጣል፤ ችግኙ እንደ ሥራ ኃላፊ ቁጭ ብሎ ይስተናገዳል። የጭሮ ከተማ ቧንቧ ደስ ሲለው ብቻ ስለሚመጣ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም።

የሚስተናገዱት አራት የቡና ችግኞች ናቸው። በደሳ ከተማ አጠገብ ካለው ከአባቴ ማሳ የተረፉት እነዚህ ብቻ። ሌላውን ወንድሜ ሽመልስ ባለፈው ክረምት ነቅሎ ጫት ተከለበት። ደርሼ አራቱን በፌስታል ይዤ ወጣሁ። ስወጣ አንድ ቃል ወረወርኩበት። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።

ጥያቄው፦ ምን አፈር? ምን ምግብ? አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ሰብሳቢ፣ እኔ። ጸሐፊ፣ እኔ። ተቃዋሚ የለም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ተተከለ። ቁጥር አንድ፦ የግቢዬ ጥቁር አፈር። ቅርብ ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ቁጥር ሁለት፦ ገረባ። ሰው ቅሞ ሲጨርስ በየደጁ የሚጥለው የጫት ቅጠልና እንጨት። ጭሮ ሌላው ቢጎድላት ይህ አይጎድላትም። ጫት ቡናውን አስነቅሏል፤ አሁን ደግሞ ያብላው። በፍርዴ ተደሰትኩ። ቁጥር ሦስት፦ የወንዝ አሸዋ፣ በውሃው ውስጥ ዩሪያ። ቁጥር አራት ከነፌስታሉ ተጠባባቂ።

ጎረቤቴ አዴ ሙና በአጥሩ በኩል አዩኝ። ለፍየላቸው ገረባ ሊለቅሙ ወጥተው ባዶ ነው ያገኙት።

«ያ ኪዳኔ! ከፍየል ጋር ትሻማለህ እንዴ አቦ?»

ለሳይንስ ነው አልኳቸው። ፍየሏም ለሳይንስ እንደምትበላ ነገሩኝ።

እሁድ፣ የካቲት 9

ከማለዳ ጀምሮ ስንቴ እንደተነሣሁ አላውቅም። አያለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ። ቅዳሴ ላይ እንኳ ስለ ክር ውፍረት ሳስብ ራሴን ያዝኩት።

ቁጥር አንድ ጠወለገ። ጠምቶታል! ከላይ አንድ ኩባያ ጨመርኩለት። ማታ ባሰበት። ሌላ ኩባያ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ቁጥር አንድ አረፈ።

ከድርን ጠራሁ። የግብርና ባለሙያ፣ የቅዳሜ የጫት ጓደኛዬ። ነቅሎ ሥሩን አሸተተው። ፊቱ ጥሩ አልነበረም።

«ጠምቶት አይደለም። ሰምጦ ነው።»

ጥቁር አፈር ውሃውን ስቦ አይለቅም፣ አየር አያስገባም አለ። የዚህ ዕቃ አፈር መጠጣትም መተንፈስም የሚችል መሆን አለበት። ገረባውን ነካ ሲያደርግ ትንኝ ተነሣ። ገና እየበሰበሰ ነውና ለችግኙ የሚገባውን ራሱ ይበላዋል አለ። ቁጥር ሦስት አሸዋው ላይ ነጭ ቅርፊት አውጥቷል፤ የቅጠሎቹ ጫፍ ተቃጥሏል። ዩሪያው ስንት ነው አለኝ። ማንኪያ። የምን ማንኪያ? የወጥ ማንኪያ ነበር።

ከታች የሚጠጣ ነገር ከላይ አይታጠብም፤ የገባው ማዳበሪያ ወደ ላይ ወጥቶ እዚያው ይከማቻል። በጣት ቁንጥር፣ እሱም አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ብቻ አለ። ኮሚቴው ማብራሪያውን በጥሞና አዳመጠ። ኮሚቴው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ቁጥር ሁለትም ሄደ።

ከሰዓት ከከድር ጋር፣ ጫት ሻጯ ዘንድ። አዎ፣ እቅማለሁ፤ ከአንተ ምን ይደበቃል። ከፊቴ አንድ ዙርባ ጫት፣ ጉንጬ ሙሉ፣ በጫት ምክንያት ስለተነቀለው ቡና ንግግር አደርጋለሁ። አንደበቴ ተፈትቷል። አባቴን አነሣሁ፣ ትውልዱን ወቀስኩ። ከድር እስክጨርስ ጠብቆ፣ ይህ ጫት የየት ነው ብሎ ሻጯን ጠየቃት።

የበደሳ።

«ወንድምህን ትሰድባለህ፣ የተከለውን ትቅማለህ። ሁለቱን በአንድ አፍ እንዴት ቻልከው አቦ?»

ምርቃናዬ እዚያው ጠፋ።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ቁጥር ሦስት። ዛሬ ጠዋት። አንድ ቀረኝ።

ለአራተኛው በከድር ትእዛዝ፦ የከረመ የቡና ገለባ፣ የከሰል ድቃቂ፣ ከቦርደዴ በኩል ለግንባታ የመጣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀላል ድንጋይ፣ ተወቅጦ። አዴ ሙና የሞቱትን ሦስቱን አስበው ደረቅ የፍየል በጠጥ በሣህን አመጡልኝ። የሐዘን ነው አሉ። አሁን የጎደለው ልል፣ ጥሩ አፈር ብቻ ነው።

አዴ ሙና ችግኙ የት ነው የተወለደው አሉ። በደሳ። እንግዲያ እናቱ የበቀለችበትን አፈር አምጣለት። ሩቅ ነው አልኩ።

«ወላሂ ዋሸህ! ሚኒባሱ እኮ በደጅህ ነው የሚያልፈው።»

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ለሽመልስ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ ሳይጠራ ዘጋሁ። ከዚያ ኮሚቴው አማራጭ አፈር እንዲፈለግ ወሰነ። ሂርና ሄድኩ። ጉዳይ የለኝም፤ አቅጣጫው ግን ተቃራኒ ነው። ግማሽ ጆንያ ተሸክሜ ተመለስኩ። አዴ ሙና አንድ ቁንጥር በምራቃቸው አሹት፤ ጣታቸው ላይ እንደ ሙጫ ተጣበቀ።

ያው የግቢዬ ጥቁር አፈር። በመኪና የመጣ።

ችግኙ ታችኛዋን ቅጠል ጣለ። ሁለት ቀሩት።

ዓርብ፣ የካቲት 21፤ ከሰዓት 9፡00

ደወልኩ። ሽመልስ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ።

ሰላምታም የለ። ስንት ቀሩ አለኝ። አንድ። ጀርባው ላይ ዶሮ ይጮኻል። አንድ ባልዲ አፈር ፈልጌ ነው አልኩ፣ በመሥሪያ ቤት ድምፄ።

ያኔ ወረደብኝ። ቡናው ልጆቹን ማስተማር አልቻለም። ወዶ አይደለም የነቀለው። እኔ ከአባታችን ቀብር ወዲህ ለአንድ ለቀማ እንኳ ብቅ ብዬ አላውቅም። ሁሉም እውነት ነው። ነጥቦቹን አንድ በአንድ መዘገብኩ።

ዘጋው ብዬ ሳስብ፦

«ባልዲ አታምጣ። ችግኙን አምጣ። ከጓሮ፣ ከበርሜሉ አጠገብ ጥላ አለ።»

ቅዳሜ፣ የካቲት 22፤ ጠዋት 12፡00

የመጨረሻ ቃለ ጉባኤ። ለሦስት ሳምንት ገደማ አፈር ሲመርጥ የቆየው ኮሚቴ ፈርሷል። የትኛው አፈር እንደሚሻል ሰብሳቢው ከመጀመሪያውም ያውቅ ነበር፤ ከባለ አፈሩ ጋር መነጋገር ፈርቶ ነው። የዛሬው ጫት ተሰርዟል፤ ለከድር ተነግሮታል። ያቺን የክረምቷን ቃል ፊት ለፊት፣ በአፌ፣ መልሼ እወስዳለሁ። እንዴት እንደምጀምር ገና አላውቅም።

ችግኙን በጋቢ ጠቅልዬዋለሁ። የሚኒባሱ ረዳት «በደሳ! በደሳ!» እያለ ነው። ደብተር፣ አንተ እዚህ ቅር። ሁለቱም እጆቼ ያስፈልጉኛል።