በጣሪያዎ ላይ ስላልዘነበው ዝናብ

ለተከበሩ የመጪው ዘመን ስጋቶችና የማኅበረሰብ አይበገሬነት ጥናት ማዕከል ዋና ዳይሬክተር
አርባ ምንጭ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የሩቁን የሚያይ ዓይንዎን፣ የሁለት ሺህ ሃምሳን ዓመት የሚያሰላ አእምሮዎን፣ ጭቃ ነክቶት የማያውቀውንም ጫማዎን ፈጣሪ እንዲጠብቅልን ዘወትር እንጸልያለን። እኔ ተክለጻድቅ እባላለሁ፤ ከጎጃም መጥቼ በዚህች ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ፣ አሁን በጡረታ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የማለማ ሰው ነኝ። የምጽፈው ለማመስገን ነው።

አንደኛ፣ ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂና ስለ ነገው ደኅንነታችን ያሳተሙት ባለ ሁለት መቶ ገጽ ጥናት፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ታግዞ የኩልፎን ጎርፍ «እምብዛም የማያሰጋ» ብሎ ስለመደበልን እናመሰግናለን። ምክንያቱ ባለፉት ዘጠኝ ዓመታት በጎርፍ የሞተ ሰው በመዝገብ አለመገኘቱ ነው። ለምን እንዳልሞትን ግን ከአጥኚዎችዎ አንዱም አልጠየቀንም። ጨንቻ ላይ ወይዘሮ ወለቴ የሚባሉ ሴት አሉ። ደጃፋቸው ላይ ጥጥ ሲፈትሉ ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ መጣሉን ካዩ፣ እኛ ዘንድ ለሚሠራው ለወንድማቸው ልጅ ለአሸናፊ ይደውላሉ፤ እሱ ይጮኽልናል፤ እኛም ውሃው ሳይደርስ እንወጣለን። በዚህ ዓይነት ሙዝ እንጂ ሰው አጥተን አናውቅም ነበር።

ሁለተኛ፣ እኚሁ ሴት «ያልተረጋገጠ የአደጋ መረጃ በማሰራጨት የሕዝብን መረጋጋት እንደሚያውኩ» የደኅንነት ክፍልዎ ደርሶበት፣ ቀበሌያቸው ጠርቶ ዳግመኛ ላይደውሉ እንዲያስፈርማቸው በደብዳቤ ስለጠየቀ ምስጋናችን የላቀ ነው። የሰባ ዓመት አሮጊት በስጋቶች ዝርዝርዎ ውስጥ ከሳይበር ጥቃት ቀጥለው ተመዝግበው ሳይ ኮራሁባቸው። ደብዳቤው የሄደው ግን ለጨንቻ ብቻ ነው፤ ኩልፎ ዳር ላለነው ከእንግዲህ ስልክ አትጠብቁ ያለን የለም።

ሦስተኛ፣ በእሳቸው ምትክ ስለተከሉልን ዘመናዊ የዝናብ መለኪያ። የተተከለው በመሥሪያ ቤትዎ ጣሪያ ላይ፣ እዚሁ ቆላው ውስጥ ነው። ውሃ ከደጋ ወደ ቆላ እንደሚወርድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ያውቁ ነበር፤ የማያውቅ ቢገኝ ክፍል ይደግማል እንጂ ማዕከል አይመራም ነበር።

መጋቢት ሃያ ስድስት ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከተማው ፀሐይ ነበር። መሣሪያዎም ጣሪያው ደረቅ መሆኑን አይቶ «ስጋት የለም» ሲል በስልካችን ላከልን። ወንዙ ሲደፈርስ አይተን አሞጽ የሚባለውን ሠራተኛ እንውጣ አልነው። እሱ ግን እማማ ወለቴ ሳይደውሉ ኩልፎ ሞልቶ አያውቅም ብሎ የቆረጠውን ሙዝ ጋሪው ላይ መጫኑን ቀጠለ። ውሃው ጋሪውንም እሱንም ወሰደ። አስከሬኑን ያገኘነው በሦስተኛው ቀን ነው። ወይዘሮ ወለቴ የፈረሙትን ወረቀት ፈርተው፣ ስልካቸውን እንደያዙ ደጃፋቸው ላይ ሲያለቅሱ ዋሉ አሉ። በእርስዎ ተናድጃለሁ፤ በራሴም አፍሬያለሁ፤ ጎትቼ ላወጣው ይገባኝ ነበር።

አራተኛ፣ ከቀብሩ በኋላ ያወጡት መግለጫ አደጋውን «ሊተነበይ የማይችል» ብሎታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልል ለውሻው አዘንኩ፤ እሱ እንኳ ጅብ መኖሩን አይክድም።

የግንቦት ዝናብ ቀርቧል። ስለዚህ ተንበርክኬ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወይዘሮዋን ፊርማ ይሰርዙላቸውና እሳቸው እንደ ድሮው ይደውሉልን። ዐውደ ጥናት አይፈልግም፣ ሪባንም አይቆረጥበትም፤ የከበደብዎ ለዚህ ይመስለኛል።

የሁለት ሺህ ሃምሳውን ጋሞ በሙሉ ጤና ለማየት ያብቃዎ፤ እኛ ግንቦትን ብናልፍ ይበቃናል።

በጥናትዎ ገጽ መቶ አሥራ ሁለት «ዝቅተኛ ግንዛቤ ያለው ማኅበረሰብ» ተብሎ የተጠቀሰው፣ የክቡርነትዎ እጅግ ትሑት አገልጋይ
ተክለጻድቅ፣ ከኩልፎ ዳር

ማስታወሻ፦ ትናንት ባልደረቦችዎ ለአሞጽ ባለቤት ለልክነሽ የአይበገሬነት መጠይቅ አምጥተውላታል። ያን ዕለት ምሳውን ይዛለት ስትመጣ ውሃው ሲወስደው ደርሳ ያየችው እሷ ናት። ማንበብ ስለማትችል እኔ አነበብኩላት። ጥያቄ አሥራ አንድ «የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ያገኙት ከማን ነው?» ይላል። ከውሃው ብለው ይጻፉልኝ አለችኝ፤ ጽፌዋለሁ። ለመልሱ የተዉልን ቦታ በቅቶናል።