ውሃውን በመስኮት የደፋሁት

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ረፋድ

ዛሬም በግራ ጎኔ ጋደም ብያለሁ። ደብተሬ፣ ለሰው የማይባል ላንቺ ልበል፦ ሽንቴን ይዣለሁ።

መንታዎቹ ያለጊዜያቸው እንዳይመጡ ተፈርቷል። ገና ሰባተኛ ወሬን መያዜ ነው፣ የማህፀኔ በር ግን ማጠር ጀምሯል። የሆሳዕናው ዶ/ር ከምታስተምሪበት ት/ቤት ቅሪ፣ ዳገት ቁልቁለት ተዪ፣ ውሃ በደንብ ጠጪ አለኝ። ሽንት ቤቱ ከጓሮ ቁልቁል ነው፣ ጭቃው ያንሸራትታል። አማቴ እማማ ፖፖ ገዙልኝ። ግን እሳቸው ቀኑን ሙሉ ሀደሮ ገበያ ዝንጅብል ሲሸጡ ይውላሉ። ባሌ ከድር ከነአይሱዙው አዋሳ ነው። ቤት የሚቀሩት አባባ፣ የባሌ አባት። ፖፖውን እኔ እደፋለሁ ብለዋል።

እኔ ምራት ነኝ! ስማቸውን ጠርቼ አላውቅም። ፊታቸው ጎርሼ አላውቅም። ምድር ትዋጠኝ።

ጥቅምት 5

መላ አገኘሁ። ካልጠጣሁ አይመጣም። እማማ ሞልተውልኝ የሄዱትን ጆግ በመስኮት ደፋሁት። ማታ ባዶውን አይተው ጎበዝ አሉኝ። ፈገግ አልኩ። ደግሞ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ኩላሊት ሥዕል ስዬ የማስተምር።

ጥቅምት 7፣ አርብ፣ ከሰዓት

ሽንቴ ያቃጥላል። መልኩም ጠቁሯል። ሆዴ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይጠጥራል። አባባ በረንዳ ላይ ናቸው፣ ሲያስሉ ይሰማኛል። አልጠራኋቸውም። እማማን እየጠበቅሁ ነው። ምን ዓይነት እናት ነኝ?

ጥቅምት 9፣ እሁድ፣ ዱራሜ፣ ሆስፒታል

አርብ ማታ እማማ ከገበያ ሲመለሱ እዚህ አመጡኝ። ምጡ ቆሟል፣ አልሃምዱሊላህ። ግሉኮስ ተሰክቶልኛል። ለልጆቹ ሳንባ ማጠንከሪያ መርፌም ተወጋሁ።

ሐኪሟ ውሃ ትጠጪያለሽ ወይ አለችኝ። አዎ አልኩ። እማማ ደግሞ ጆጉን በየቀኑ ትጨርሳለች ብለው መሰከሩልኝ፣ የኔ የዋህ! ያኔ ነው ያቃተኝ። ጆሮዋ ድረስ ተጠግቼ እውነቱን ነገርኳት። አልሳቀችም። የሰውነቴ መድረቅና የሽንት ኢንፌክሽኑ ማህፀኔን እንደቆሰቆሱት፣ ከደገምኩት ምጡ ላይቆምልኝ እንደሚችል ነገረችኝ። እማማም ሰሙ። በሻሻቸው አፋቸውን ያዙ፤ የሚስቁ መስሎኝ ነበር፣ እያለቀሱ ኖሯል።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ፣ ቤት

እማማ ለአባባ ነግረዋቸዋል። ሌላ ውርደት! አባባ ጠዋት ከመጋረጃው ማዶ ቆመው በከምባትኛ አናገሩኝ። የመንታ ሽንት ጨርቅ ማን የሚያጥብ ይመስልሻል አሉ። እኔ ነኝ፣ ካሁኑ ልልመድ አሉ። እየሳቅሁ አለቀስኩ። ሀፍረቱ ግን እዚያው ነው፣ አልለቀቀኝም።

ቀትር ላይ። እማማ ገበያ ናቸው። ጆጉን ጨረስኩት፣ ጉሮሮዬ እምቢ እያለ። ፖፖው ሞልቷል። ማታ ድረስ ላስቀምጠው ይሆን? የሚቀጥለውን ሽንት ደግሞ ልያዝ?

አልይዝም። አባባ ብዬ ተጣራሁ። ድምፄ አልወጣም። ደገምኩት፣ ጮክ ብዬ። ኮቴያቸው እየመጣ ነው፣ ደብተሬ፣ ፊቴን ልሸፍን ወይስ…