«የመጨረሻ» የሚለውን ብቻ ተውኩት

መካነ ሰላም፣ ሰኔ 17 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? የዓይንሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? የጅዳው ሙቀትስ እንዴት አድርጎሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ክረምቱ በጊዜ ገብቶልናል።

ልጅሽ የኔአለም በስልክ የነገረችሽን አውቃለሁ። የኮሌጁ የኮምፒውተር ባለሙያ የመመረቂያ ጽሑፌን አጠፋብኝ ብላሻለች። የመሰላትን ነው የነገረችሽ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ነገሩን ከመነሻው ልንገርሽ።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ፣ አንቺ የላክሽላት ላፕቶፕ ቫይረስ ስለያዘው ኮሌጅ ወሰደችው። ባለሙያው ሃሩን ይባላል፤ ሁለት መቶ ተማሪ ለአሥራ አራት ኮምፒውተር የሚሻማበትን ክፍል ብቻውን የያዘ የኮንትራት ሠራተኛ ነው። ላፕቶፑን አጸዳላት። ቫይረሱ የመጣው ከፍላሽዋ ነበርና «ጽሑፉ ላፕቶፕሽ ላይ ካለ ይህን ልደምስሰው» ብሎ አስፈቅዶ ደመሰሰው።

እሑድ እሷ ቤተ ክርስቲያን ሳለች ፎቶግራፍሽን ልይ ብዬ ላፕቶፑን ከፈትኩት። ፎቶ ማየትንና የማይፈለገውን መጣልን አስተምራኛለች። ያው አንዱ ጽሑፍ በሰባት ልዩ ልዩ ስም ተቀምጦ አገኘሁት። ታውቂኛለሽ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር ንጹሑ ከተገለበጠ በኋላ ረቂቅ ደብተር ውስጥ እንዲቆይ ፈቅጄ አላውቅም። «የመጨረሻ» የሚለውን ብቻ ትቼ ስድስቱን ጣልኩ፤ የተጣለው የሚገባበትን ቅርጫትም ባዶ አደረግሁት። ለካ «የመጨረሻ» የተባለው የመጋቢት ኖሯል፤ መምህሯ ያረመው፣ የአርባ ገበሬ መልስ የገባበት ከጣልኳቸው አንዱ ነበር።

ሰኞ ኮሌጅ ከፍታ ስታጣው ጮኸች። ቅዳሜ የነካው ሃሩን ነው፤ ሌላ ማን ይጠረጠራል? ማስረከቢያው ዓርብ ነው። ቀኑ የሚራዘመው ጥፋቱ በኮሌጁ እጅ ከደረሰ ብቻ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ደግሞ እሱ ከሥራው ይሰናበታል። ማክሰኞ የኔአለም መጥታ «እምዬ፣ ያንቺ ጽሕፈት ያምራል፤ አቤቱታውን ጻፊልኝ» አለችኝ።

ጻፍኩላት። አንድ ፊደል እንኳ አልሰረዝኩም። ዝም ካልኩ ትመረቃለች፤ ከተናገርኩ ትቀራለች ብዬ አሰብኩ።

ሐሙስ ጠዋት ዲኑ አቶ አበጋዝ ዘንድ ተጠራን። አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት ነው፤ ስገባ ብድግ ብሎ «ቲቸር፣ ዛሬ አለንጋው የት ቀረ?» ሲል ቀለደብኝ። አልሳቅሁም። ሃሩን ግድግዳው ጥግ ቆሟል። አቤቱታው ተነብቦ ሲያበቃ ዲኑን ትቶ ወደ እኔ ዞረና «ወላሂ እማማ፣ ጽሑፏን አልነካሁትም፤ ይመኑኝ» አለኝ። ድምፁ ያንቺን መሰለኝ። «እመኚኝ» ስትዪኝ ያላመንኩሽ ቀን የትኛው እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

ተነሥቼ ሁሉን ተናገርኩ።

የኔአለም «እምዬ፣ ምን ነክቶሽ ነው የምትቀባዥሪው!» ብላ ጮኸችብኝ። አቶ አበጋዝ ወረቀቱን መልሶ ሰጠኝና «እንግዲህ ቲቸር፣ ቀኑን ላራዝምላት አልችልም» አለ። ሃሩን አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እማማ፣ ሰኞ ቢነግሩኝ ሁሉንም እመልሰው ነበር» አለኝ። «የተጣለ ነገር ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ አለ። እሷ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ስትጽፍበት ከረመች።»

እስኪመሽ ታግሎ ሦስት ምዕራፍ አወጣላት። አራተኛው፣ ገበሬዎቹ ስለ ድንች ዘር የመለሱት የተጠናቀረበት፣ አልተገኘም። ደግነቱ መልሱን በእጃቸው የሞሉባቸው ቅጾች ቤት ነበሩ። ዓርብ ጠዋት ሃሩን አንድ ኮምፒውተር ለይቶ ሰጠን፤ እኔ ቅጹን ሳነብላት እሷ ስትጽፍ ዋልን። ወረፋ የያዙት ተማሪዎች ሲያጉረመርሙ «ዛሬ ቲቸርም ተማሪ ናቸው፤ ተዋቸው» አላቸው። ልጅሽ ግን «ቀጥዪ» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልወጣትም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ቢሮው ሊዘጋ ሲል፣ የሠላሳ አራቱን ገበሬ መልስ ብቻ ይዛ አስረከበች። መምህሯ ይቀበለው እንደሆነ ማክሰኞ ይታወቃል።

እስካሁን አታናግረኝም፤ ምግቧንም ለብቻዋ ትበላለች። ትናንት ጎረቤታችንን ብርሀንነሽን ፓስፖርት እንዴት እንደሚወጣ ስትጠይቃት ሰማሁ። ወደ አንቺ ልምጣ ብትልሽ መጀመሪያ ትምህርትሽን ጨርሺ በያት። በእኔ ተቀይሞ ከዚህ ቤት የሚወጣ አንድ ሰው ይበቃል።

ሃሩንን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ሦስት ቀን ብቻ ነበር የዘገየሁት፤ እሱም «አውፍ ብያለሁ» አለኝ። ከዚያ እጅግ የዘገየ ይቅርታ እንዴት እንደሚጠየቅ ግን ማንም አላስተማረኝም። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ጀምሬ የቀደድኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከክፉ አሠሪና ከክፉ ወሬ ይሰውርሽ። የደከምሽበትን ይባርክልሽ። ዓይኔ ሳይደክም በደህና አምጥቶ ያሳየኝ፤ አሜን።

እናትሽ