ዘቅዝቀሽ የለበስሽው ነጠላ

ልጄ ሠርክአዲስ፣ እግርሽ በሄደበት ሁሉ መልአኩ ይከተልሽ። እንዴት ከረምሽ? እኛ ደኅና ነን፤ በቆሎውም ደርሷል፣ ላሚቱም ወልዳለች።

የጎረቤታችን የአየለች ልጅ ሕሊና ከፍኖተ ሰላም ስትመጣ ፎቶሽን በስልኳ አሳየችን። ያ ራስሽ የሰፋሽው፣ በየቦታው ቀለም ቀለም ኪስ የለጠፍሽበት ቀሚስ፣ እንዲያው እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽው ያምርብሻል። ነጠላሽን ግን ዘቅዝቀሽ፣ ጥለቱን አንገትሽ ላይ አድርገሽዋል። አየለች ይህን ስታይ ደረቷን ደቃች። ሕሊና «ፋሽን ነው እኮ፣ እማማ» ትለኛለች። እኔ ነጠላ ለኀዘን እንጂ ለሌላ ሲዘቀዘቅ አላየሁም። አንቺ ዘንድ ያለው ወንድምሽም ከመስቀል ወዲህ ስልክ አያነሳልኝም።

ፋሽን ከሆነ በእናትሽ ሞኝነት ሳቂ። እመ ብርሃን ሁለታችሁንም ታኑርልኝ። አንድ ፎቶ ብቻ ላኪልኝ፤ ነጠላሽን አቃንተሽ፣ እሱን አጠገብሽ አቁመሽ።

እናትሽ ያምሮት